ሰው «እሱ ነገር ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ፦ ስለ ኪንክ ለማያውቀው ምን ያህል ይነገራል? (ጎንደር)

ሳሙና_በር (ውይይቱን የከፈተ)

ጎንደር ፒያሳ ላይ ላስነጠሰ ሰው አዘዞ ላይ «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ናት። ኪንክ (በስምምነት የሚደረግ፣ ከተለመደው የወጣ የወሲብ ጨዋታ) ውስጥ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፉን ዘግቶ መኖሩ አያስገርምም። ጥያቄው ግን አይቀርም። የሥራ ባልደረባ ስልክ ላይ አንድ መልእክት ያያል፣ የቅርብ ጓደኛ የሆነ ወሬ ይዞ ይመጣል፣ አከራይ በግድግዳው በኩል ድምፅ ትሰማለች። ይህ ውይይት ለዚያች ሰዓት ነው፦ ምን ይመለሳል፣ የት ላይ ይቆማል።

መነሻ ላስቀምጥ። እንደ ቡና ሦስት ዙር አድርጋችሁ አስቡት። አቦሉ፣ ነገሩ በጠቅላላው ምን እንደሆነ ነው። ቶናው፣ ጥንቃቄው እንዴት እንደሚደረግ ነው። በረካው፣ እናንተ ራሳችሁ የምታደርጉት ነው። የመጀመሪያው ለጠየቀ አዋቂ ሁሉ ይነገራል። ሁለተኛው ቁም ነገር ብሎ ለሚጠይቅ ነው። ሦስተኛው የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ካልፈቀደ ለማንም አይነገርም፤ የምስጢሩ ግማሽ የእሱ ወይም የእሷ ነው።

የአቦሉ መልስ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ «ሁለት አዋቂዎች አስቀድመው ተነጋግረው የሚያደርጉት ነገር ነው። አንዱ ያዛል ሌላው ይታዘዛል፣ ወይም ይታሰራል፣ ወይም ጠንከር ያለ ስሜት ይፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ በቃ ካለ እዚያው ይቆማል።» ከዚህ ካለፋችሁ ያልተጠየቃችሁትን እየመለሳችሁ ነው።

እትዬ_ጀበና

ኧረ ወንድሜ፣ አቦል እኮ ወፍራሙ ነው! ገልብጠኸዋል። ቀጭኑን ነው ማስቀደም ያለብህ።

ሐሳብህ ግን ገብቶኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቡና ላይ የተጠየቀ ጥያቄ እዚያው ቡና ላይ አይመለስም። አምስት ሴቶች ተቀምጠው አንዷ ናት የጠየቀችው፤ አራቱ «እስቲ ንገሩን» አላሉም። ከሰል የምታራግበው ልጅ ደግሞ ዕድሜዋ 14 ሊሆን ይችላል። ከ18 በታች ያለ ሰው ባለበት ይህ ርዕስ ጨርሶ አይነሳም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለብቻችን እናወራዋለን» ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ መመለስ ነው። በማግስቱ መልሳ ካነሳችው በእርግጥ ማወቅ ፈልጋለች። ካላነሳችው ለጨዋታ ያህል ነበር።

ድምፅም ልብ ይባል። ዓይን ሰበር አድርጎ፣ እየሳቁ፣ እያንሾካሾኩ የተነገረ ነገር ማታውን ሰፈር ይዞራል። ስለ ወገብ ሕመም እንደሚወራ በደረቁ የተነገረ ግን ለወሬ አይጥምም።

ቀይ_ብርሃን

@ሳሙና_በር፣ አንድ እርማት። በምሳሌህ ውስጥ «በቃ» የሚለውን የማቆሚያ ቃል አስመስለኸዋል። ጠያቂው ያንን ይዞ ቤቱ ሄዶ ቢሞክረው ችግር ነው። አማርኛ ተናጋሪ በየዓረፍተ ነገሩ «በቃ» ይላል፦ «በቃ እሺ»፣ «በቃ ና»፣ «በቃ ምን ልበልህ»። «ተው» እና «እምቢ»ም እንደዚያው ናቸው፣ ጨዋታው ውስጥ ራሱ እንደ ጨዋታ ሊባሉ ይችላሉ። ሴፍወርድ (የማቆሚያው ቃል) በዚያ ሰዓት በድንገት ከአፍ የማይወጣ ቃል መሆን አለበት። ብዙው ሰው የትራፊክ መብራቱን ነው የሚጠቀም፦ አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀንስ ወይም ጠይቀኝ፣ ቀይ ሙሉ በሙሉ አቁም። ከ«ቀይ» በኋላ ክርክር የለም፣ «ትንሽ ብቻ» የለም፣ ኩርፊያም የለም። ኩርፊያውን የምጠራው ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ጊዜ የተኮረፈባት ሴት በሁለተኛው ቃሉን ለመናገር ታመነታለች፣ ያኔ ሴፍወርድ አለ ማለት አይቻልም።

አፍ ከተሸፈነ ቃል አይሠራምና እጅ ላይ የሚያዝ ነገር ይሰጣል፤ ሲለቀቅ ማቆሚያ ነው። የቁልፍ ዘለላ ጥሩ ነው። ወለሉን ግን እዩ፦ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ቁልፍ ይጮሃል፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀ አይሰማም። ምንጣፍ ካለ ከሥሩ ትሪ ይቀመጥ።

ሳሙና_በር

ልክ ነህ፣ «አቁም ካለ» ብላችሁ አንብቡት።

ሰም_ለባሽ

እኔ ደግሞ ይሄ ሁሉ ግልጽነት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። እኛ የሰምና ወርቅ ሰዎች ነን። «እንዴት ነው ቤት?» ሲባል «ገመዱ ጠንካራ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የገባው ይገባዋል።

እትዬ_ጀበና

ቅኔውን ለጎጃም ተውላቸው፣ ጎንደር በአቋቋም ነው የሚታወቅ። ቀልዱን ትቼ፦ ሰም ለጠያቂ ስትሰጠው ወርቁን ራሱ ይሠራል፣ የሚሠራው ወርቅ ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። «ገመዱ ጠንካራ ነው» ያልከው ሰው ሚስትህን ጣራ ላይ ሰቅለሃታል ብሎ ነው የሚሄደው። ወይ በግልጽ አጭር መልስ፣ ወይ ደግሞ በጨዋ ቋንቋ «የቤቴ ጉዳይ ነው» ማለት። መሐሉ ነው ጣጣው።

አዲስ_ገቢ

«በሽታ ነው፣ ታከሙ» ለሚልስ?

ነጭ_ጋዋን

ለዚህ መልሱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ እትም በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ፌቲሽ (ለአንድ ዕቃ ወይም የአካል ክፍል ያለ የተለየ የወሲብ ስሜት) እና በስምምነት የሚደረግ ሳዶማሶኪዝም (ሕመም በመስጠት ወይም በመቀበል መደሰት) በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ያለ ፈቃድ የሚደረገው ግን አሁንም አለ፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዴንማርክ ቀደም ብላ በ1995፣ ስዊድን በ2009፣ ኖርዌይ በ2010 ከየራሳቸው መዝገብ አውጥተውታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ 5ኛ እትም በ2013 ዝንባሌን ከሕመም ለየ፦ ባለቤቱን ካላስጨነቀ፣ ካልጎዳ፣ ሌላውን ያለ ፈቃዱ ካልነካ ሕመም አይባልም።

ነገር ግን ሰውየው «ኃጢአት ነው» ካለ የዓለም ጤና ድርጅትን አትጥሩበት። እሱ ስለ ጤና አልጠየቀም። «እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር ነው የምነጋገረው» ይበቃል። ከጠያቂ ጋር በሃይማኖት ተከራክሮ የረታ ሰው የለም። (በነገራችን ላይ፣ ጾም የሚጾሙ ባልና ሚስት ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን ከገደብ ዝርዝራቸው ውስጥ ቢያስገቡ ማንም አይገርመው። ገደብ ገደብ ነው፣ ምክንያቱ አይመረመርም።)

ሁለተኛው የምጽፈው ስለ ሐኪም ቤት ነው፤ እዚያ በረካውም ይነገራል። እጁ የደነዘዘ ሰው «ወድቄ ነው» ብሎ ሲመጣ ሕክምናው አቅጣጫ ይስታል፤ የአጥንት ራጅ ይነሳል፣ ነርቭ ግን አይፈተሽም። የሚነገረው እንዲህ ነው፦ «በስምምነት በገመድ ታስሬ ነበር። ትናንት ማታ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ለ20 ደቂቃ። ገመዱ የነበረው እዚህ ክንዴ ላይ ነው። ከተፈታሁ ጀምሮ እጄን ከአንጓው ቀና ማድረግ አቅቶኛል።» ምን፣ የት፣ ስንት ደቂቃ፣ ምልክቱ መቼ ጀመረ። ከዚህ ሌላ ታሪክ አያስፈልግም።

ባለሙያው አብሮ የመጣውን ሰው «ውጭ ቆይ» ሊለው ይችላል። ሳይከራከር ይውጣ። ጥያቄው የሚጠየቀው በእርግጥ የተደበደበችን ሴት ለማዳን ነው፤ ኪንክ ውስጥ ያለ ሰው ያንን በር የሚዘጋ ጠባይ ማሳየት የለበትም። አልወጣም ያለ ወንድ ራሱን በራሱ ያስጠረጥራል፣ መጠርጠሩም ትክክል ነው።

ቃጫ_አይሆንም

ወደ ቶናው እንምጣ። «አይጎዳም ወይ?» ለሚል «ምንም አይልም» ብሎ መመለስ ውሸት ነው። ይጎዳል። የት እንደሚጎዳ የሚያውቅ ነው ሳይጎዳ የሚያደርገው።

ከትከሻና ከክርን መካከል በክንድ ውጭ በኩል አጥንቱን ተጠግቶ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ገመድ ሲጫነው ላያምም ይችላል። መጀመሪያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው የእጅ ጀርባ ይደነዝዛል፣ ከዚያ እጅ ከአንጓው ይወድቃል። ሌላው ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ነው፤ እሱ ከተጎዳ እግር ሲራመዱ ይጎተታል። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው «ደህና ነሽ?» ማለት አይበቃም፣ ሰው በሙቀቱ «ደህና ነኝ» ይላል። መጠየቅ ያለበት በሥራ ነው፦ «እጅሽን ከአንጓው ቀና አድርጊ፣ እኔ ስጫነው ተቋቋሚኝ።» ደካማ ከሆነ ወይም ጣት ከደነዘዘ ማላላት ሳይሆን መፍታት። ተፈትቶም ካልተመለሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ጠያቂ ሁሌም «ገመዱ ከየት?» ይላል። ከቅዳሜ ገበያ የጭነት ቃጫ አይሆንም፦ ጭረቱ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቋጠሮው ከጠበቀ በጣት አይፈታም። ሲባጎ ቀጭን ስለሆነ ግፊቱን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ያሳርፋል። የሚያንሸራትተው ፕላስቲክ ገመድ ሲጎተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ቋጠሮም አይዝለትም። ለስላሳ የጥጥ ገመድ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 7 ወይም 8 ሜትር፣ ለሁለት ታጥፎ። አጠገቡ ከፋርማሲ የሚገዛው ጫፉ ድፍን የፋሻ መቀስ ይቀመጥ። ያንን ገመድ በእርግጥ መቁረጡ አስቀድሞ ይሞከር፣ አንዳንዱ መቀስ ፋሻ እንጂ ገመድ አይበላም።

ማሳየት ካስፈለገ በጠያቂው ላይ አታሳዩ። የወንበር እግር ይበቃል። ሁለት ሦስት ዙር ጎን ለጎን አስተኝታችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ሁለት ጣት አስገብቶ ያየው። ሁለት ጣት እንደልብ ካልገባ ጠብቋል። ዙር በዙር ላይ ተደርቦ ከሆነም አሳዩት፤ እዚያች ተደራቢ ላይ ነው ግፊቱ የሚበረታ። ያን ያየ ሰው «ድብደባ ነው» ማለቱን ይተዋል። የሚያየው እኮ የእጅ ሥራ ነው።

አንገት የለም። በአንገት ግፊት ሰው በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ሴፍወርድ ለማለት ጊዜ ሳያገኝ። «ቀስ ብዬ» የሚባል ዘዴ የለውም። የታሰረ ሰው ለብቻው አይተውም፣ በር ለመክፈት እንኳ። ጠጅ ወይም አረቄ የቀመሰ አያስርም፣ አይታሰርም።

አዲስ_ገቢ

ሻማስ? አንዷ ጓደኛ «ጧፍ ነው አሉ» ብላ ነበር የጠየቀችው።

ቃጫ_አይሆንም

ጧፍ አይነካም። አንደኛ የቤተ ክርስቲያን ነገር ወደዚህ አይገባም፣ የሚሰማ ሰውም ይቀየማል፣ መቀየሙም ተገቢ ነው። ሁለተኛ ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ለዚህ የሚሠሩ ሻማዎች ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣሉ። ሱቅ ያለው ነጭ ሻማ ከምን እንደተቀላቀለ ስለማይታወቅ መጀመሪያ በራስ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ አንድ ጠብታ ይሞከራል። ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ጠብታ በመንገዱ ይቀዘቅዛል፣ ከቅርብ የወደቀው ያቃጥላል። ፊትና ፀጉር አይነኩም።

የጭቃ_ቤት

ስለ አከራይ ማንም አልጻፈም። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ ድምፅ በኮርኒሱ በኩል ከክፍል ክፍል ያልፋል። እትዬ በር አንኳኩተው «ምንድነው ልጆች፣ ትጣላላችሁ እንዴ?» ሲሉ መቀለድ አይቻልም። መጀመሪያ ሴቷ ትውጣ፣ ብቻዋን፣ ፊቷ እየታየ። «አልተጣላንም እትዬ፣ ስለ ድምፁ ይቅርታ፣ አይደገምም።» ይኸው ነው፤ ለእሳቸው አቦሉም አይቀዳም። ወንዱ ከኋላ ቆሞ እንዲመልስላት ከተደረገ ነገሩ ተበላሸ።

«ምን አገባቸው» የሚል አስተያየት ሲጻፍ አያለሁ። ያገባቸዋል! በአንድ ግቢ ውስጥ ድምፅ ሰምታ የምታንኳኳ አከራይ ለሌላዋ ተከራይ ሕይወት ማትረፊያ ናት። አንኳኩታ መሄዷን እንድትተው ማድረግ የለብንም። ድምፅ የሚያወጣውን ነገር መቀነስ የእኛ ሥራ ነው።

ሰም_ለባሽ

ሕጉስ? ሁለታችንም ፈቅደናል ካልን ማን ይጠይቀናል?

ሚዛን

ይጠየቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 70 የተበዳይ ፈቃድ አድራጊውን ከወንጀል ተጠያቂነት ነፃ አያደርገውም ይላል። እንግሊዝም ብትሆን የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤትም ነበር) በ1993 እ.ኤ.አ. ጉዳት ያደረሰ ነገር ላይ ስምምነት መከላከያ አይሆንም ብሎ ወስኗል፣ በ2021 ደግሞ በአዋጅ አጽንተውታል። «ተስማምተናል» የሚለው ቃል በሁለቱ መካከል ትልቅ ዋጋ አለው፣ ችሎት ፊት ግን እንደ ጋሻ አትቁጠሩት። የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ምልክት የሚተው ነገር አታድርጉ፣ የምልክት ፎቶ አታንሱ፣ ለጠያቂ «እይማ» ብላችሁ አትላኩ። ጸያፍ ምስል ማሰራጨትም ራሱን ችሎ ያስቀጣል።

እትዬ_ጀበና

ያልተነካ አለ። አንዳንዷ የምትጠይቀው ከጉጉት አይደለም። «ባሌ ይመታኛል፣ እሱም ይሄ ነው እንዴ?» ለማለት ነው ዙሪያውን የምትዞረው። ሦስት ነገር ጠይቋት፦ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁበታል? አቁም ስትይው ያቆማል? በማግስቱ ቁርስ ላይ ትፈሪዋለሽ? ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአንዱ እንኳ መልስ «የለም» ከሆነ፣ ወይም የሦስተኛው «አዎ» ከሆነ፣ ያ ኪንክ አይደለም። እዚያ ላይ የቃላት ማብራሪያችሁን አቁሙና ስሟት። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል እንዳለ ንገሯት፣ ከፈለገች አብራችኋት ሂዱ። ባሏን ራሳችሁ ሄዳችሁ አታናግሩ፤ ዱላው የሚመለሰው ወደ እሷ ነው።

ሌላው ተቃራኒው ነው፦ ሴት ስለዚህ ነገር በግልጽ ስትናገር «እንግዲያው ለእኔም» የሚል ወንድ ይመጣል። መልሱ አጭር ነው፦ «ስለ ምግብ አሠራር ነገርኩህ እንጂ ማዕድ አልጠራሁህም።»

ቀይ_ብርሃን

ይቺን ወስጃታለሁ።

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ፦ የውጭ ሰውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሬስቶራንት ውስጥ ባል ሚስቱን «ቀና በይ፣ ውኃ አትጠጪ» እያለ ሲያዝ አስተናጋጁ ሳይጠየቅ የጨዋታው ተመልካች ሆኗል። አስተናጋጁ የሚያየው ደግሞ የሚያዋርድ ባልን ነው። አንገት ላይ የሚታሰርም ነገር እንዲሁ። እዚህ አገር አንገት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይነበባል፤ ማተብ አለ፣ መስቀል አለ፣ ሌላ ነገር ካለ ይጠየቃል። ለቤት የሚሆነው ለቤት ይሁን፣ ለውጭ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቀጭን ሐብል። ማተብን ግን የዚህ ምልክት አድርጎ የሚያወራ ካለ ምክሬ አንድ ነው፦ አታድርጉት።

ሳሙና_በር

ስለ መገናኘት የጠየቁ በውስጥ መስመር አሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ የተጀመረ ልማድ አለ፦ ጠያቂና አዋቂ በተራ ልብስ፣ ተራ ምግብ ቤት ተቀምጠው ያወራሉ፣ ያ ብቻ። ዕቃ የለም፣ መነካካት የለም። እዚህም ቢሆን ከዚያ የሚበልጥ አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት ሰው፣ ማኪያቶ፣ ወንበሮቹ የተራራቁበት ግቢ ያለው ቤት፣ በቀን። የፒያሳ ጠባብ ካፌዎች አይሆኑም፣ የጎረቤት ጠረጴዛ ክርናችሁ ሥር ነው። ሙሉ ስም፣ መሥሪያ ቤትና ቀበሌ አይጠየቅም። ፎቶ አይነሳም። መንገድ ላይ ከተገናኛችሁ ቀድሞ ሰላም የሚለው አዲሱ ሰው ነው፤ እሱ ዝም ካለ አላወቃችሁትም። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ይቅርባችሁ፣ ያኔ ከውጭም ከአዲስ አበባም የመጣ ዘመድ ሁሉ ከተማው ውስጥ ነው።

ከተለያያችሁ በኋላም የቀድሞው ጓደኛ ምስጢር ምስጢር ነው። «አሁንማ ተለያይተናል» ብሎ ስም የሚጠራ ሰው ጋር ማንም እንዳይቀመጥ።

አዲስ_ገቢ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስልክ ጥገና ሲሰጥስ? ብዙ ነገር የሚወጣ እዚያ ነው ይባላል።

ሚዛን

ሚሞሪ ካርዱንና ሲሙን አውጪ። ምስል ካለ አጥፊ፣ ከዚያ «በቅርብ የተሰረዙ» የሚለው ማኅደር ውስጥ ገብተሽ እንደገና አጥፊ፤ ብዙ ስልክ ላይ እዚያ 30 ቀን ይቆያል። ፎቶ ወደ ጉግል ወይም ወደ አይክላውድ በራሱ የሚጫን ከሆነ እዚያም አለ። ቴሌግራምን ከስልኩ አስወጪ፣ ስክሪኑ ተሰብሮ መክፈት ካልተቻለም ከሌላ ስልክ «ዲቫይስስ» የሚለው ውስጥ ገብቶ ማስወጣት ይቻላል። ባለሙያው የመክፈቻ ቁጥር ከጠየቀ ለስክሪን ቅየራ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ቆመሽ እያየሽ ይሥራ፣ መክፈቱን አንቺ ክፈቺ።

ሲመለስልሽ በተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክት ጽሑፍ እንዳይታይ ማሳወቂያውን ደብቂ። ባልደረባ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ አይደለም፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ሳይቀመጥ የበራች አንዲት መስመር ናት።

አዲስ_ገቢ

የቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውስ ቴሌግራም?

ሚዛን

እሱም «ዲቫይስስ» ውስጥ ይታያል። አሁኑኑ አስወጪው፣ ነገ ሰኞ ነው።